አራቱ ጉሮሮዎች

ሌንሳ ጋራዧን የከፈተችው አባቷ ድሮ ጤፍ ይዘሩበት ከነበረው መሬት በቀረችው ቁራሽ ላይ ነው። ቦታው አቃቂ በሰቃ፣ ከአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ፣ ግራና ቀኙ ብየዳ ቤት የሆነ ቅያስ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቀጥ፣ ብረት ሲቆረጥ፣ ሲኖትራክ ሲያጓራ ይውላል። እዚያ የሚሠራ ሰው ወይ ይጮሃል፣ ወይ በእጁ ያወራል።

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቴክኒክና ሙያ ተምራ፣ በአንድ ትልቅ ጋራዥ ስድስት ዓመት ተቀጥራ ነው ለራሷ የበቃችው። ስሟ የወጣው በአዳዲሶቹ መኪኖች ነው። መኪና ሲመጣላት ቀድማ የምታነሳው ቁልፍ ሳይሆን ታብሌት ነው፤ ገመዱን ከመሪው ሥር ትሰካና መኪናው ራሱ ሕመሙን ይነግራታል። ሰሞኑን ደግሞ ከተማውን የኤሌክትሪክ መኪና ስለወረረው፣ እሱንም ለመልመድ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርስ ጀምራ ነበር።

እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቷ ሰው ነው ቲቸር እየሩሳሌም አንዲት አልፋ የምትባል አሮጌ የጣሊያን መኪና አስጎትተው ያመጡላት።

ቲቸር እየሩሳሌም ሌንሳን ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምረዋታል። መኪናዋ የአባታቸው የአቶ ገብረጻድቅ ነበረች። አቶ ገብረጻድቅ ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን የአቃቂ ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ገዟት፣ እስኪሞቱም ድረስ አልሸጧትም። ከፋብሪካ ስትወጣ ነዳጅና አየር የሚያደባልቁ ሁለት ካርቡሬተሮች ነበሯት። እያንዳንዱ ካርቡሬተር ሁለት አፍ አለው፤ ስለዚህ ለአራቱ ሲሊንደሮች አራት ጉሮሮ ማለት ነው፤ ሁሉም በየራሱ ይተነፍሳል። ዕቃው ሲያረጅ ግን ከተማው ውስጥ አራቱን አስማምቶ የሚያስተካክል ሰው ጠፋ። አቶ ገብረጻድቅም ሁለቱን አስወልቀው የሌላ መኪና አንድ ካርቡሬተር አስገጠሙባት።

«ከዚያ ወዲህ ሲነዳት ደስ አይለውም ነበር» አሉ ቲቸር። «‹በግማሽ ሳንባ ነው የምትኖረው› ይል ነበር።»

ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ካርቶን አወጡ። ውስጡ በዱቄት ከረጢት የተጠቀለሉ ሁለት ያገለገሉ ካርቡሬተሮች አሉ፤ ከድሬዳዋ በሰው በሰው ተፈልገው የተገኙ ናቸው። በላስቲክ ደግሞ ዘንጎች፣ ክንዶችና ሞላዎች ታስረው መጥተዋል።

«ትችያታለሽ?» አሉ።

«ካርቡሬተር ምን አላት፣ ቲቸር!» አለች ሌንሳ። አንደበቷ ከእጇ ቀደመ።

ሁለት ቀን ዕቃውን ስታጥብና ስትጠርግ ዋለች። በእያንዳንዱ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች መዝጊያ አለች፤ መካኒኮች ቢራቢሮ ይሏታል። ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ ፔዳሉ ዘንጉን ይስባል፣ ዘንጉ ክንዱን ያዞራል፣ ክንዱም ቢራቢሮዎቹን ይከፍታል። እግር ሲነሳ ሞላው ሁሉንም መልሶ ይዘጋቸዋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ኮምፒውተር የለ፣ ሽቦ የለ። ሌንሳም አይታ ናቀችው።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተነሳ። ትንሽ ይንዘፈዘፋል፣ ግን ተነሳ። ነዳጅ ረገጠች፣ ለቀቀች፤ ሄደ፣ ተመለሰ። ሠላሳ ጊዜ ያህል ሞከረችው።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ለሙከራ ወደ ቱሉ ዲምቱ አወጣቻት። ደህና ሄደች። ከፊቷ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ሲንፏቀቅ አየችና ልትቀድመው ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠችው። ያቺ አሮጊት መኪና ተወረወረች። ሌንሳ ብቻዋን ሳቀች። ሲኖትራኩን አልፋ ወደ መስመሯ ገባችና እግሯን አነሳች።

መኪናዋ ግን መሮጧን አላቆመችም።

ፔዳሉን በጫማዋ ጫፍ ከሥር ልትስበው ሞከረች፤ የተበየደ ያህል አልነቃነቅ አለ። ፊት ለፊት የባጃጅ መቆሚያ አለ፤ ሰዎች ተሰልፈዋል፣ አንዲት ሴት ልጅ አዝላለች። ፍሬን ረገጠች፤ መኪናዋ ፍሬኑን እየታገለች ሄደች። ፍሪሲዮን ስትረግጥ ደግሞ ሞተሩ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ጮኸ። ቁልፉን አዙራ አጠፋችው። መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዛ ከአስፋልቱ ወረደችና፣ ከሰልፉ አሥር እርምጃ ሲቀራት አቧራ ውስጥ ቆመች።

ሴትየዋ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከዚያም ሌንሳን አተኩራ አየቻት። ያ አስተያየት ለብዙ ቀን ከሌንሳ ፊት አልጠፋም።

ሌንሳ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። የተሰበረ ነገር ፈለገች፣ የተበጠሰ ሞላ ፈለገች። ምንም የለም። ክንዱ ቦታው ተመልሶ ጭጭ ብሏል። በጣቷ ገፋችው፤ ሄደ። ለቀቀችው፤ ተመለሰ። ሞተር አስነስታ ልትነዳት ግን ወኔ አጣች፤ አስጎትታ መለሰቻት።

በማግስቱ ጠንካራ ሞላ አድርጋላት ሰው በሌለበት መንገድ እንደገና ሞከረቻት። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ እንደገና ያዛት። እንደገና አጥፍታ አቆመቻት፣ ኮፈኑን ስትከፍት እንደገና ምንም የለም። እንደገና ተጎትታ ገባች። ከሰዓት በኋላ ቲቸር ጋ ደወለች።

«ቲቸር፣ ይቺ መኪና ሰው ትገድላለች። በሽታዋ መንገድ ላይ ይነሳል፣ እኔ ፊት ይጠፋል።»

«የተማሪዬን ሬሳ ለማየት አይደለም ያመጣኋት» አሉ ቲቸር እየሩሳሌም። «ተይው፣ ልጄ። ያንን አንዱን ካርቡሬተር መልሰሽ ግጠሚላትና እወስዳታለሁ።»

ሌንሳ ስልኩን ዘግታ ጎማ ላይ ተቀመጠች። አዎ ማለት ነበረባት፤ ግን አፏ እምቢ አላት።

ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ ከተዘጋ አንድ ሱቅ ጥላ ሥር፣ ሁልጊዜ የፕላስቲክ ወንበር አለች። እዚያ ላይ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሳ ድረስ የሚቀመጡት ኦቦ ጂራታ ናቸው። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ መሆናቸውንና ጆሯቸው ጨርሶ እንደማይሰማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰላም የሚላቸውም ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው። ሌንሳም ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ሰላም ብላቸው አልፋለች። ከዚያ ያለፈ ነገር ጠይቃቸው አታውቅም።

ያን ዕለት ኦቦ ጂራታ ከሰዓትም አልሄዱም ነበር። ከወንበራቸው ተነሱና መንገዱን ተሻግረው መጡ።

«ለሙከራ ወጥታ ሁለቴ ነው ተጎትታ የተመለሰችው» አሉ። ድምፃቸው ራሱን እንደማይሰማ ሰው ድምፅ ከፍ ያለ ነው።

ሌንሳ ራሷን ነቀነቀች።

«ምን ሆነች?»

ጠመኔ አነሳችና በመሣሪያ ሳጥኑ በር ላይ ጻፈች፦ «ነዳጁ ተከፍቶ ይቀራል። መንገድ ላይ ብቻ። እዚህ ደህና ናት።»

ኦቦ ጂራታ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። «እዚህማ ቆማለች!» አሉ።

ኮፈኑን እንድትከፍት ጠቆሟት። እሷ ካርቡሬተሮቹን ልታሳያቸው ስትል እሳቸው ዞር ብለውም አላዩአቸው። ግራ መዳፋቸውን በመኪናዋ ፓራፋንጎ፣ ጎማውን በሚሸፍነው ላሜራ ላይ፣ ቀኙን ሞተሩ ራስ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ትልቅ ነው፤ የቀኙ ሌባ ጣት ጫፉ ተቆርጧል።

«አስነሺያት። ፍሬኑን አጥብቀሽ ያዢ፣ ማርሽ አስገቢ፣ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ልቀቂ። ነዳጅ ስጫት፣ ግን በጥቂቱ።»

ሌንሳ እንዳሏት አደረገች። ሞተሩ መሄድ ይፈልጋል፣ ፍሬኑ ይይዘዋል፤ መኪናዋ እንደታሰረ በሬ ተወጠረች። ኦቦ ጂራታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

«አጥፊ» አሉ። «ሞተሩ ከመቀመጫው ይነሳል። በዚህ በኩል፣ ሁለት ጣት ያህል። ስትጎትት ይነሳል፣ ስትቆም ይተኛል። የፔዳሉ ዘንግ ግን የታሰረው ከአካሏ ጋር ነው፤ እሱ አብሮ አይነሳም። እንግዲህ ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ማን ይጎተታል? መሃል ያለው ምስኪን ነዋ!» አሉና የካርቡሬተሩን ክንድ በተቆረጠችው ጣታቸው ነኩት።

ሌንሳ ባትሪ ይዛ ከሥር ገባች። ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ከላይ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ሁለት ጊዜም ከላይ አይታው ትታዋለች። ከሥር ግን እንደ ደረቀ ዳቦ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ሞተሩን ቦታው ላይ ያስቀመጠው የራሱ ክብደት ብቻ ነበር።

ስትወጣ ኦቦ ጂራታ ወፍራም አጣና ይዘው ጠበቋት። «ነዳጁን እስከ መጨረሻ ርገጪና እዚያው ያዢ» አሏት። አጣናውን ከሞተሩ ሥር አስገብተው በትከሻቸው ወደ ላይ ገፉት። ሞተሩ ተነሳ። ሌንሳ በተከፈተው በር አንገቷን አውጥታ በኮፈኑ ጥግ ታያለች፤ ክንዱና ዘንጉ ቀስ እያሉ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሆኑ፣ ከዚያም መስመሩን በጥቂቱ አለፉ።

ቀጭ አለ።

ያን ድምፅ ሌንሳ ሰማች። ኦቦ ጂራታ ግን የሚያዩት የእሷን ፊት ነበር።

«ጮኸ?» አሉ።

ሌንሳ አዎ ስትል ራሷን ነቀነቀች። እግሯን ከፔዳሉ አነሳች፤ ክንዱ አልተመለሰም። መስመሩን አልፎ ስለሄደ ሞላው ሲስበው ይብሱን ይቆልፈዋል፤ በሞላው ጥንካሬ በራሷ እጅ ነገሩን ያባሰችውም እሷ ነበረች። ኦቦ ጂራታ አጣናውን ሲያወጡት ሞተሩ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ያኔ ክንዱ ተፈናጥሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። መንገድ ላይ ቁልፉን አዙራ ሞተሩን ስታጠፋ የሆነውም ይኸው ነው። ኮፈኑን በከፈተች ቁጥር ምንም ያላገኘችውም ለዚህ ነው።

ሌንሳ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። አምስት ቀን ሙሉ ያንን ክንድ ስታየው ነበር። ሰውየው ግን ሳያዩት፣ ሳይሰሙት፣ እጃቸውን ሁለት ቦታ ብቻ አሳርፈው አገኙት። ጠመኔውን አነሳችና ጻፈች፦ «በምን አወቁ?»

ኦቦ ጂራታ ጎማው ላይ ተቀመጡ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው እዚያ የሠራሁት» አሉ፤ በአገጫቸው ወደ ፋብሪካው አቅጣጫ ጠቆሙ። «የሽመና መኪና ጠጋኝ ነበርኩ። መቶ ስልሳ መኪና፣ በአንድ አዳራሽ። ስቀጠር እንደ ሰው ሁሉ እሰማ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት የልጄን ለቅሶ መስማት አቃተኝ። አለቃዬ እንዳያውቅ ደበቅኩ፤ ካወቀ ያስወጣኛል። ታዲያ መኪናው ሲታመም በምን ልወቅ? እጄን አስቀምጥበት ጀመር። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት እንደዚያው። ሦስተኛው ዓመት ላይ ግን፣ ከበሩ ስገባ የትኛው ተራ እንደታመመ በጫማዬ ሥር አውቅ ነበር። ሽመና ውስጥ አንዱ ዘንግ የፀጉር ያህል ከዘገየ ጨርቁ ላይ ይታያል። አብሮ መሄድ ነው ሁሉ ነገሩ።»

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«ፋብሪካው ጆሮዬን ወሰደው» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። «ሲወስደው ግን ባዶ እጄን አልሰደደኝም።»

ሌንሳ ሦስት ዓመት ሙሉ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ያለፈቻቸውን ጠዋቶች አሰበችና አፈረች። ቲቸር ጋ ደውላ «አንድ ሳምንት ይጨምሩልኝ» አለች። «ብቻዬን አይደለሁም አሁን።»

ከዚያ በኋላ ኦቦ ጂራታ ወንበራቸውን ጋራዡ ውስጥ አስገቡ። መጀመሪያ አዲስ የሞተር ጎማ ገባ። ዘንጉ ከሌላ መኪና የመጣ ስለሆነ በአንድ ጣት ይረዝማል፤ አሳጠሩት። ክንዱ መስመሩን እንዳያልፍ ከፊቱ ማቆሚያ ብረት አስበየዱለት። አንዱ ሞላ በአንድ ጎን ብቻ እየሳበ ዘንጉን ያጣምመዋል አሉና፣ ለእያንዳንዱ ካርቡሬተር ለስለስ ያለ የራሱን ሞላ ሰጡት።

የቀረው ያረጁት መጋጠሚያዎች ናቸው። ዘንጉ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ተበልተው እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነዋል። ጎረቤታቸው ሀይረዲን ቶርኖ ቤት አለው፤ ከነሐስ ስድስት ቀለበት አወጣላቸው። ኦቦ ጂራታ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣት እያሽከረከሩ ተቀበሉ። አምስተኛው ላይ ቆሙ።

«ይሄ በሲጋራ ወረቀት ይወፍራል» አሉ።

«በካሊበር ለክቼዋለሁኮ!» አለ ሀይረዲን ለሌንሳ። ቢሆንም እንደገና ለካው። ከሌሎቹ በአራት መቶኛ ሚሊሜትር ወፍሮ ተገኘ። ሀይረዲን ካሊበሩን አጠፋ፣ አበራ፣ ደግሞ ለካ። ያው ነው። ከዚያ ዕቃውን ትቶ የሽማግሌውን ጣቶች ያይ ጀመር።

ኦቦ ጂራታ ከገቡ በስድስተኛው ቀን ሁሉም ነገር ቦታው ገባ፤ ክንዱ ሲገፋ ያለ ክፍተት ይሄዳል፣ ሲለቀቅ ያለ ድምፅ ይመለሳል። አሁን የቀረው አራቱን ጉሮሮ ማስማማት ነው። ሌንሳ ይህን ኢንተርኔት ላይ አንብባዋለች፤ ቀጭን የጎማ ቱቦ በየጉሮሮው አፍ ላይ ይያዝና አየር ሲሳብ የሚሰጠው ፉጨት በጆሮ ይወዳደራል። ቱቦውን ይዛ ሞከረች። ግን ከግራ ብረት ይቆረጣል፣ ከቀኝ ላሜራ ይደበደባል፤ የትኛው ፉጨት ከየት እንደሚመጣ መለየት አልቻለችም። ቱቦውን ወርውራ «በዚህ ሰፈር አይሆንም!» አለች።

ኦቦ ጂራታ ቃሏን ከከንፈሯ አነበቡ መሰል ፈገግ አሉ። ሌንሳ እጇን ወደምትጠርግበት የጥጥ ክር ክምር ሄደው ማገላበጥ ጀመሩ። አንዱን ክር መዘው በጣታቸው አሽተው ጣሉት። ሌላ መዘዙ። «ሠላሳ ቁጥር፣ ቀጭን ነው» እያሉ ጣሉ። «ይሄ ተበጣጣሽ።» በመጨረሻ አራት ክር ለዩ። «ሃያ ቁጥር፣ አራቱም ከአንድ የክር ጥቅልል የወጡ» አሉ። እኩል ቆርጠው አንድ ሽቦ ላይ አሰሯቸውና ሽቦውን ከአራቱ አፎች ፊት ዘረጉት። በእያንዳንዱ ጉሮሮ ፊት አንድ ነጭ ክር ተንጠለጠለ።

«አስነሺ።»

ሞተሩ ተነሳ፤ ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ እየዞረ ነው። የፊተኞቹ ሁለት ክሮች ወደ ውስጥ ተስበው ጎበጡ። ሦስተኛው በግማሽ ጎበጠ። አራተኛው ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሌንሳ አፏን ከፍታ ቆመች። አየር ይታያል። ጆሮዋ ሊለየው ያልቻለው ነገር ሁሉ በአራት ክር ላይ ተጽፎ ፊቷ ቆሟል።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ኦቦ ጂራታ አንድ እጃቸውን ሞተሩ ላይ አድርገው ክሮቹን ያያሉ፣ በሌላው እጅ ለሌንሳ ያዝዛሉ፤ ሌንሳ በካቻቪቴ ብሎኖቹን ታዞራለች። ሩብ ዙር። የሩብ ግማሽ። ወደኋላ። አንዱ ክር ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። አንዴ ተናዳ አበዛችውና ሞተሩ ጠፋ። «ድርና ማጉን ቸኩሎ ያስማማ የለም» አሉ ኦቦ ጂራታ፤ እንደገና አስነሱ። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ እሳቸው ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ።

መጨረሻ ላይ አራተኛው ክር ቀስ ብሎ ጎበጠ። ሦስቱ ባሉበት እሱም ደረሰ። አራቱም እኩል ተጎንብሰው፣ በአንድ ልክ ይርገበገቡ ጀመር። ኦቦ ጂራታ ክንዱን በአንድ ጣት በቀስታ ገፉት። አራቱ ክሮች አንድ ነፋስ እንደነካቸው የጤፍ ዘለላዎች አብረው አጎነበሱ። ለቀቁት፤ አብረው ቀና አሉ። እጃቸውን ከሞተሩ ላይ አነሱና በጨርቅ ጠረጉት።

«አለቀ» አሉ።

ልክ ያኔ መብራት ሄደ። ብረት መቁረጫው እየሰለለ ቆመ፣ የሀይረዲን ቶርኖ ቆመ፣ ብየዳው ተቋረጠ። የላሜራ ቀጥቃጮቹም ምሳ ሰዓት ስለደረሰ መዶሻቸውን ጣሉ። ቅያሱ ውስጥ የቀረው ድምፅ የዚያች መኪና ብቻ ሆነ።

ሌንሳም ሰማችው። ፉጨት አልነበረም፣ አራት ድምፅም አልነበረም። አንድ ትንፋሽ ነበር፤ ረጅም፣ ለስላሳ፣ የማይቆራረጥ፤ እንደተኛ ትልቅ ፍጡር ትንፋሽ። ሀይረዲን እጁን እየጠረገ ከቤቱ ወጣ፣ አንዱ በያጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። የሌንሳ ክንድ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። ይህን ድምፅ የሠሩት ሰው ብቻ ናቸው ከመሃላቸው የማይሰሙት።

ጠመኔውን አነሳች። ሳጥኑ በር ፊት ቆመች፤ ግን የሰማችውን በምን ቃል እንደምትጽፈው አላወቀችም። ዞራ አየቻቸው፤ ዕንባዋ መጣ።

ኦቦ ጂራታ ፊቷን አዩት፣ ሀይረዲንንም አዩት፣ በያጁንም አዩት። ረጅም ጊዜ አዩአቸው። «እንደዚህ ያምራል?» አሉ በመጨረሻ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ከሰዓት በኋላ ለሙከራ ወጡ። ኦቦ ጂራታ ከጎኗ ተቀምጠው መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፈዋል። መንገዱ ጭር ያለበት ስትደርስ ሌንሳ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠችው። መኪናዋ ተወርውራ ሄደች፤ የሞተሩ ድምፅ ከጉርምርምታ ወደ ዜማ ወጣ። እግሯን አነሳች።

ሞተሩ ወዲያው ለዘበ።

ደግማ ረገጠች፣ ደግማ ለቀቀች። ዳገት ላይ ሞከረችው፣ ቁልቁለት ላይ ሞከረችው። ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገመችው። በመጨረሻ ኦቦ ጂራታ «ነዳጅ አትጨርሺ እንጂ፣ ልጄ» አሉ።

በማግስቱ ቲቸር እየሩሳሌም መጡ። መሪውን ይዘው፣ ሌንሳን ከጎናቸው አስቀምጠው እስከ ገላን ነድተው ተመለሱ። ሲመለሱ መኪናዋን አቆሙና ከመሪው ላይ እጃቸውን ሳያነሱ ቆዩ።

«እኔ ልጅ ሆኜ ነው እንዲህ የሰማኋት» አሉ። «ረስቼው ነበር። አባዬ ሁልጊዜ ሲነግረኝ የማጋነን ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ሌንሳ ዞሩ። «ከየት ተማርሽው?»

«እኔ ብሎን ነው ያዞርኩት» አለች ሌንሳ። «የሠሯት እሳቸው ናቸው» ብላ ኦቦ ጂራታን አሳየቻቸው።

ቲቸር ወርደው ሄዱና ዝቅ ብለው እያመሰገኑ የኦቦ ጂራታን ትከሻ ሳሙ። ኦቦ ጂራታ ምን እንደተባሉ አልሰሙም፤ ቢሆንም የሴትየዋን ሁለት እጆች ለአፍታ በሁለት እጃቸው ያዙ። «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አሏቸው። «ቀስ ብለሽ ንጂ።»

በሚቀጥለው ጠዋት ኦቦ ጂራታ አልመጡም። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሌንሳ ሥራዋን አቁማ ሄደች። ቤታቸው ከቅያሱ ጀርባ መሆኑን ታውቃለች፤ ገብታበት ግን አታውቅም። በሩን የከፈተችላት ልጃቸው ድንቅነሽ ናት።

«ደህና ናቸው?» አለች ሌንሳ።

ድንቅነሽ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ጠራቻት። «ተኝቷል» አለች በሹክሹክታ። «ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እኮ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። ፈረቃ የሚገባ ይመስል ልብሱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ጎህ እስኪቀድ ግድግዳውን ያያል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ዛሬ ግን ይኸው እስካሁን አልነቃም! ደንግጬ ሁለት ጊዜ ገብቼ ትንፋሹን አዳመጥኩ።»

መጋረጃውን ገለጥ አደረገችላት። ኦቦ ጂራታ በጎናቸው ተኝተዋል። ቀኝ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ ለቀቅ ብለዋል፣ ምንም አይፈልጉም፣ ምንም አያዳምጡም። ትንፋሻቸው በዝግታ ይወጣል፣ በዝግታ ይገባል።

ሌንሳ ለጥቂት ጊዜ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ እንደማይሰሟት እያወቀች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በእግር ጣቷ ወጣች።